ውዳሴ ለጉበት አጣቢዎች

ዓለም ገና ያልተማረው አንድ ጥበብ አለን፤ ጉበትን እንደ ልብስ አጥቦ ማስጣት። የአልትራሳውንዱ ወረቀት ላይ «ፋቲ ሊቨር፣ ግሬድ 1» (ጉበት ላይ ስብ፣ የመጀመሪያ ደረጃ) የሚል ሲሰፍር፣ የሌላ አገር ሰው ምናልባት ሳህኑን ይመረምር ይሆናል። እኛ ስልክ እናነሳለን። አክስት ታዛለች፣ ጎረቤት ያርማል፣ የሥራ ባልደረባ ይጨምራል፤ ማታውን ቀመሩ ተሟልቶ ያድራል፦ ሎሚ፣ ማር፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በሞቀ ውሃ፣ በባዶ ሆድ፣ 21 ቀን። ለምን 21? እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ እምነት የጎደለው ብቻ ነው።

የቀመሩን ረቂቅነት እዩልኝ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳም ከዚያ አይበልጥም። ከስኳሩ ግማሽ ያህሉ ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ነው፤ እሱ በብዛት የሚሠራበት ጉበት ውስጥ ነውና ሲበዛ እዚያው ስብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስቡን የምናጥበው ስብ በሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። በዚያ ላይ ምሳ ላይ ለስላሳው አልቀረም፤ «ጠዋት ታጥቤያለሁ» የሚል ሰው ምን ያሰጋዋል?

አንዳንድ ደረቅ ሐኪሞች ጉበት ውስጥ የሚታጠብ ነገር የለም ይላሉ። ስቡ ያለው ሴሎቹ ውስጥ ነው፤ ከ5 በመቶ ካለፈ በሽታ ይሉታል። አብዛኛው የሚመጣውም ከራሱ ከሰውነት ስብ ነው፤ ሰውነት ኢንሱሊንን (ስኳርና ስብን የሚያዝዘውን ሆርሞን) አልሰማ ሲል ስቡ እየተለቀቀ በደም ወደ ጉበት ይጓዛል። ስለዚህ ጉበቱን ማዳን ማለት ቦርጭን መንካት ነው። ቦርጭ ደግሞ የተከበረ ነው፤ «ተመቸህ፣ አማረብህ» የሚያስብል፣ ስብሰባ ላይ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚገባ። ወገብ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲሜትር ካለፈ ያሰጋል ሲሉን ብልሃቱ አልጠፋንም። ሜትሩ በታችኛው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መሃል መዞር ሲገባው፣ እኛ ሱሪ በምንታጠቅበት፣ ከቦርጩ ሥር እናዞረዋለን። ወዲያው 88።

በጾምማ ጉበታችን ያርፋል። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ! ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት የሚቆጥር የለም እንጂ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት 360 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ለብዙ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጠይቃል። ዘይቱ በብርድ የሚረጋው ፓልም ከሆነ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ከሱፍ ዘይት ይልቅ ጉበትን ያሰባል። ማወራረጃው ስፕሪስ፣ ከላይ ቀይ ሽሮፕ። ስለ ድራፍቱ አልናገርም፤ ቢራ ኩላሊት ያጥባል ከተባለ ጉበትም ጎረቤት ስለሆነ ፍንጣሪው ይደርሰዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በቡና ላይ የምንወስደው ጀግንነት ነው። በቀን ሦስት ስኒ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳ አነስ ብሎ እንደሚገኝ ብዙ ጥናት አሳይቷል። እኛ «ፋቲ ሊቨር» የተባልን ዕለት መጀመሪያ የምንተወው እሱን ነው። ያልተወው ደግሞ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምርበታል፤ 12 ግራም፣ በየስኒው።

ቆራጦችም አሉን። ሰባት ቀን በውሃ ብቻ የሚከርሙት ክብር ይገባቸዋል፤ በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ መቀነስ የሐሞት ጠጠር ይጋብዛል፣ ስለዚህ አንድ በሽታ ይዘው ገብተው ሁለት ይዘው ይወጣሉ። ከአረንጓዴ ሻይ ተጨምቆ የተሠራውንና የእርድ እንክብል በእፍኝ የሚውጡትም አይረሱ፤ ሁለቱም ጉበትን ራሱን ያቆሰሉበት ጊዜ አለ።

ደረቆቹ ሐኪሞች የሚሉት እጅግ አሰልቺ ነው። ክብደትህ 90 ኪሎ ከሆነ 4.5 ኪሎ ቀንስ፣ ስቡ ይቀንሳል፤ ከ6.3 እስከ 9 ኪሎ ቀንስ፣ ብግነቱም ይበርዳል፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ እያወራህ ግን መዝፈን እስኪያቅትህ ተራመድ። ለስላሳና ጁስ አቁም፣ መጠጥ ተው፣ የእንጀራውን ቁጥር ቀንሰህ ጎመንና ምስሩን ጨምር፣ ዘይቱን በማንኪያ ለካ። ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት የደም ምርመራ ኖርማል ሆነ ብለህም አትዘናጋ፤ ኖርማል ሆኖም ስብም ጠባሳም ሊኖር ይችላል። ዕድሜህን፣ ከደም ምርመራህም ኤኤስቲ (ሌላው የጉበት ምርመራ)፣ ኤኤልቲና ፕላትሌት (ደም የሚያረጉ ሴሎች ቁጥር) ይዘህ ፊብ-4 የሚባለውን የጠባሳ መገመቻ አስላ፤ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፣ ካለፈ ፋይብሮስካን (የጉበትን መጠንከር የሚለካ ምርመራ) ያስፈልጋል። ስኳርህንም ተመርመር። ይህ ሁሉ የሚጠጣ ነገር የለበትም! ማን ይሰማዋል?

በ2024 አሜሪካኖች ሬስሜቲሮም የሚባል ክኒን አጸደቁ። ደስ ብሎን ስናነበው ግን ስብ ብቻ ላለበት ሳይሆን ጠባሳው መካከለኛና ከዚያ በላይ ለደረሰ፣ ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ የተወረሰበት የመጨረሻ ደረጃ) ላይ ግን ላልደረሰ ሰው ነው፤ እሱም «ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር» ይላል። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? የእኛ ጠርሙስ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ አያውቅም፤ ብቻ ከመጠጣቱ በፊት በደንብ ይነቅነቅ።