የግቢው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤቶችና የነዋሪዎች ማኅበር ለጤናማ አመጋገብና ለአካል እንቅስቃሴ አብረው ለመሥራት ሲፈራረሙ፣ ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» በሚል ሐረግ ይሞላል። አትክልት መብላትና በእግር መሄድ እንደሚጠቅም ግን ሰው አላጣውም። ያጣው ቦታና አመቺ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አጋር ልንጠይቅ የሚገባን ፖስተር ሳይሆን በራሱ ሥልጣን ሥር ያለ አንድ ነገር ነው።

ትምህርት ቤት ያለው ሜዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሜዳው ግን ቅዳሜና እሁድ ተዘግቶ ይውላል፣ ልጆቹም አስፋልት ዳር ይጫወታሉ። መክፈቱ ቀላል ይመስላል። ርእሰ መምህሩ በቃል ይፈቅዳሉ፤ ሰንበትበት ሲል መስኮት ይሰበራል፣ ሰኞ ጠዋት ሽንት ቤቱ ቆሽሾ ይገኛል፣ በሩም ተመልሶ ይዘጋል። እሳቸው ሊወቀሱ አይገባም፤ ሸክሙ የወደቀው በእሳቸው ላይ ብቻ ነውና። ቁልፉን ማን ይይዛል? እሱ ሲቀር ማን ይተካዋል? የጥበቃውን ትርፍ ሰዓት ማን ይከፍላል? ሽንት ቤቱን ማን ያጸዳል? ልጅ ቢጎዳ ኃላፊው ማን ነው? እነዚህ በስምና በስልክ ቁጥር ካልተጻፉ ስምምነት አለ ማለት አይቻልም። ማታም የሚከፈት ከሆነ መብራት የግድ ነው፤ ከሜዳው ይልቅ እስከ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ሲጨልም ሴቶች ቀድመው ይቀራሉ።

የመሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ ደግሞ ያለው ድስት ነው። ለአንድ አዋቂ የሚመከረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ለ200 ሰው ምሳ የሚሠራ ወጥ ቤት በቀን 1 ኪሎ ጨው ከጨረሰ፣ ተመጋቢው ገደቡን በአንድ ምሳ ሞልቶታል። ጨውን በእፍኝ መጨመር ቀርቶ በሚዛን ይሁን፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀነስ፦ 900፣ ከዚያ 810 ግራም። በአንድ ጊዜ በግማሽ ከተቀነሰ ተመጋቢው ገበታው ላይ ያለውን ጨው ያነሳል፣ ሙከራውም ያበቃል። የማጣፈጫ ኪዩብም ይቆጠር፤ ጨው አለበት።

በፊንላንድ ሰሜን ካሬሊያ እ.ኤ.አ. በ1972 የተጀመረው የልብ ሕመም መከላከያ ፕሮጀክት በምክር ብቻ አልተወሰነም። የቤት እመቤቶች ማኅበር የምግብ አሠራር አስተማረ፣ የወተትና የቋሊማ አምራቾችም ምርታቸውን አሻሻሉ። ሁሉም በእጁ ያለውን ለወጠ።

ሪፖርቱም ይስተካከል። ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ቀርቶ፣ በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሜዳው ላይ ስንት ሰው ነበር፣ ስንቱስ ሴት ነው፣ ወጥ ቤቱ በሳምንት ስንት ኪሎ ጨው ገዛ የሚለው ይጻፍበት።