ኔትወርክ ሆይ፣ ምስጋና ይድረስህ

አዳማ ውስጥ የትኛውም መስኮት ፊት ተሰልፋችሁ «ለምንድን ነው የዘገየው?» ብትሉ መልሱ አንድ ነው። «ኔትወርክ ነው።» እንዲህ ያለ አጭር፣ ጨዋና ማንንም የማያስቀይም መልስ የፈጠረ ሕዝብ ሊመሰገን ይገባል። ኔትወርክ ዘመድ የለውም። ስብሰባ ላይ አይገመገምም። ደሞዝ የለው፣ አይቆረጥበት። «ኧረ እኔ አይደለሁም» ብሎ ሲከራከርም ተሰምቶ አያውቅም።

ወረፋውም ወዲያው ይረጋጋል። ሰው ስልኩን አውጥቶ ያያል። ስልኩ ላይም ኔትወርኩ ደከም ብሏል። «እውነታቸውን ነው» ይላል። ማስረጃው በየኪሳችን ካለ ሌላ ምርመራ ለምን?

ምርመራ ቢደረግማ ጉድ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ያለው ኮምፒውተርና መረጃው የሚቀመጥበት ሰርቨር ብዙ ጊዜ እዚያው አንድ ሕንጻ ውስጥ ናቸው። የሚያገናኛቸው በግድግዳው ጥግ የሄደ ኬብልና ኬብሎቹን የሚያገጣጥም አንድ ስዊች ነው። ኢንተርኔቱ ጭራሽ ቢቋረጥ እንኳ ሁለቱ መነጋገር አያቅታቸውም። እንግዲህ አንዲት ደረሰኝ እስክትወጣ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅ ከሆነ፣ ነገሩ ያለው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ በማይታወቀው ክፍል ውስጥ ነው። መረጃው የሚጻፍባቸው የሰርቨሩ ዲስኮች ያሉት እዚያ ነው።

ክፍሉም የራሱ ውዳሴ ይገባዋል። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት። ኮረብታዎቹ ላይ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት። ሰርቨሩ ግን ከዚያ ሁሉ ነፋስ የሚደርሰው አቧራው ብቻ ነው። ኤሲው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲሞቃቸው ይናገራሉ።

በእርግጥ ሰርቨሩም አንድ ሰሞን ሊናገር ሞክሮ ነበር። ከስድስቱ ዲስኮች አንዱ ሲሞት ብርቱካናማ መብራት አበራ። ጢጥ ጢጥ እያለም ጮኸ። የጥበቃው አባባ «ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ» ብለው አመለከቱ፣ በማግስቱ ድምፁ ተዘጋላቸው። (እዚያ መሥሪያ ቤት በማግስቱ መልስ ያገኘ አቤቱታ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።) መብራቱ ግን አሁንም ይበራል። አንድ እንግዳ ለበዓል የተደረገ መስሎት አድንቆታል።

ዲስኮችን እንዲህ አንድ ላይ ማሠራት ሬይድ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 የበርክሌዎቹ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። ሐሳባቸው ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ ማሠራት ነበር። አንዱ ቢሞት ከቀሩት ላይ የእሱ ድርሻ ተሰልቶ ይገኛል፣ ሥራ አይቆምም፣ የሞተው ይተካል። እኛ ይቺን የመጨረሻዋን አሻሽለናታል። ሥራ ካልቆመ ለምን ይተካል? አሁን የሞተው ዲስክ ላይ የነበረ ነገር በተፈለገ ቁጥር አምስቱም መነበብ አለባቸው። ምስኪኖቹ የራሳቸውን ሥራ እየሠሩ ለሟቹም ይሠራሉ። ምትክ ዲስኩማ ግምጃ ቤት አለ። የንብረት ቁጥር በወግ ተለጥፎበታል። ሞዴል 22 ስላልተቆረጠለት ነው ያልወጣው።

ቀጥሎ መወደስ ያለበት «አጥፍተህ አብራው» ነው። አትሳቁ፣ ይሠራል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሁሉም ሰው ከሲስተሙ ወጥቷል። መጀመሪያ የገባው ብቻውን ስለሆነ «እንዴ! በረረ እኮ!» ይላል። ከዚያ ሌላው ይገባል፣ ሌላው ይከተላል። ራም (የሰርቨሩ ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ተይዞ የነበረው ሁሉ ስለተደመሰሰ እያንዳንዷ ነገር እንደገና ከዲስክ ትነበባለች፣ ሲስተሙም ከቅድሙ ብሶ ይንቀራፈፋል። ምን ችግር አለ? ደግሞ ይጥፋ። ዓመታት ሙሉ ሲሽከረከሩ የኖሩ ዲስኮች አንዴ ከቆሙ መነሳት የሚያቅታቸው ጊዜ አለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ማጥፊያው ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። የኛ ሰው እጅ ግን የረጋ ነው።

በጀት ሲገኝ ደግሞ ጥበቡ ይመጥቃል። የኢንተርኔቱ ፍጥነት በእጥፍ ይገዛል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዲስኮቹ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞሩ ናቸው። አንዱ ዙር 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣ በአማካይ የዙሩ ግማሽ ይጠበቃል። የማንበቢያው ክንድ ቦታው እስኪደርስ 8 ወይም 9 ሚሊ ሰከንድ ጨምሩበት። ስለዚህ መረጃው እዚህም እዚያም ከተበተነ አንድ ዲስክ በሰከንድ የሚያስተናግደው 80 ጥያቄ ገደማ ነው። ስድስቱም ጤነኛ ቢሆኑ 480 መሆኑ ነው። ይህ ለንባብ ነው። በሬይድ 5 (የኛው የሬይድ ዓይነት ነው) ትንሽ ነገር ለመጻፍ አሮጌው መረጃ ይነበባል፣ አሮጌው ፓሪቲ (የሟች ዲስክ ድርሻ የሚሰላበት ቁጥር) ይነበባል፣ አዲሱ መረጃ ይጻፋል፣ አዲሱ ፓሪቲ ይጻፋል። አንዷ ጽሑፍ አራት ሥራ ሆነች። 480 ለአራት ሲካፈል 120። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሲመዘግብ ለሚውል መሥሪያ ቤት አቅሙ ይኸው ነው፣ ያውም ሟች በሌለበት።

የውጭው መስመር ምንም ያህል ቢሰፋ ዲስኩ አንዲት ዙር አይጨምርም። ግን ግዢው በከንቱ አልቀረም። ሠራተኛው ቪዲዮ ሲያይ መቆራረጡ ቀረለት። ወረፋው እስኪንቀሳቀስም የሚታይ ነገር ተገኘ።

የባትሪዋ ነገር ደግሞ አለ። የዲስኮቹ ኮንትሮለር ላይ ካሽ የሚባል ማቆያ አለ። ሲስተሙ «ጻፍ» ሲለው ማቆያው ላይ ያዝ ያደርግና «ጽፌያለሁ» ይላል። ወደ ዲስኩ የሚያወርደው ቀስ ብሎ ነው። በመሃል መብራት ቢሄድ የተያዘው እንዳይጠፋ ባትሪ ተደርጎለታል። ባትሪዋ ስትሞት ኮንትሮለሩ መዋሸት ይተዋል። ዲስኩ ላይ ሳይደርስ «ጽፌያለሁ» አይልም። እውነተኛ ስለሆነም ይዘገያል። ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው፣ የአዳማን ሚያዝያ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባትሪዋ ከሰርቨሩ ዋጋ አንጻር ኢምንት ናት። ችግሩ እሷን ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ መለመን ያስፈልጋል። አዲስ ሰርቨር ለመግዛት ግን ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴ ደግሞ አበል አለው። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ?

መቼም የትም ቢሆን አንድ ነገር አበላሺ አይጠፋም። አዲስ የተቀጠረ አይቲ ልጅ ነው። አንድ ጠዋት አዮስታት የሚባል ትእዛዝ ሰርቨሩ ላይ ጻፈና ዲስኮቹን ይለካ ጀመር። ከዚያ ወደ አለቃው ሄደ። «ጋሼ፣ ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ዲስኮቹ መቶ በመቶ ተይዘዋል። አንዷ ጥያቄ ከአሥር ሚሊ ሰከንድ ትንሽ አለፍ ብላ መመለስ ሲገባት ብዙ መቶ ትጠብቃለች። ደግሞ አንዱ ዲስክ ከሌሎቹ ተለይቶ ይዘገያል። የተበላሹ ቦታዎችን እየዘለለ ነው። እሱ ሲዘገይ ሁሉም ቆመው ይጠብቁታል፣ ሊሞትም ይችላል።»

«ልጄ» አሉት ጋሼ በትዕግሥት፣ «ስንት ዓመት ኔትወርክ ነው ስንል ኖረን ዛሬ ዲስክ ነው ብንል ሰው ምን ይለናል?»

ልጁ አልተመከረም። ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ። መዝገቡን ሲያይ መጨናነቁ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ በር ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። ሰው ሳይኖር ማን ያጨናንቀዋል? ፈልጎ ፈልጎ ባካፑን፣ ማለትም የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ አገኘው። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ስብሰባ ላይ «ባካፑ ሥራ እንዳያውክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይደረግ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ጸድቋል። ሰዓቱን ሰርቨሩ ላይ የሞላውም ሰው ታማኝ ነው፣ በውሳኔው መሠረት 8 ብሎ ሞላ። ሰርቨሩ ግን የሚቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው። የሱ 8 የኛ ጠዋት 2 ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማንም በሌለበት ዲስኮቹ ሥራ ፈተው ያድራሉ። ጠዋት ባለጉዳዩ ሲገባ ባካፑም አብሮ ይገባል። እስከ ምሳ ድረስ ያለውን ሁሉ ከአንድ ጫፍ እያነበበ ይገለብጣል።

የት ይገለብጣል? እዚያው ዲስኮቹ ላይ። ሌላ ፎልደር ውስጥ። ያው ዲስክ ያነባል፣ ያው ዲስክ ይጽፋል። እኔ ይህን ስሰማ ኮፍያዬን ነው ያነሳሁት።

ልጁ 8ን 2 ለማድረግ ፈቃድ ጠየቀ። «ቃለ ጉባኤው ላይ 8 ነው የሚለው» ተባለ። «ባካፑን ሌላ ቦታ እናስቀምጥ» አለ። «ሬይድ አለን አይደል እንዴ? ድግግሞሽ ነው» ተባለ። ሬይድ ዲስክ ሲሞት ነው እንጂ ፋይል ሲደመሰስ ወይም ሁለተኛ ዲስክ ሲከተል አያድንም ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። «ኧረ አቦ! አታሟርትብና» አሉት ባልደረቦቹ። እውነታቸውን ነው። ስለ ዲስክ ሞት ጠዋት ጠዋት ማውራት ደስ አይልም።

ለማንኛውም ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይምጣ ተባለ። ባለሙያው በፈጣን መንገዱ መጣ፣ ምሳ ተጋበዘ፣ ሪፖርቱን ጻፈ። ሪፖርቱ ላይ ስሙ ይለያል እንጂ ልጁ ያለው በሙሉ ነበረበት። ከደብዳቤ ጋር ተያይዞ ፋይል ሆነ። የተቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዲስክ የሞተው አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አጥፍተው ሲያበሩት ነው። ሬይድ 5 አንድ እንጂ ሁለት ሐዘን አይችልም። ሲስተሙ ቆመ፣ ባካፑም አብሮት፣ ሪፖርቱም አብሮት።

ግን መፍትሔ የማያጣ ሕዝብ ነን። ከግምጃ ቤት አሮጌው ባሕር መዝገብ አቧራው ተራግፎ ወጣ። ጡረታ የወጡት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ተለምነው መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ካርቦን አስገቡ፣ በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመሩ። ወረፋው ከምሳ በፊት አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ወርደው አዩና «አዲሱ ሲስተም ፈጣን ነው፣ በዚሁ ይቀጥል» አሉ።