ልጆች ጌም እንዲሠሩም እንፍቀድላቸው

የቪዲዮ ጌም ታሪክ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ አታሪና ኔንቲዶ ነው። እኔን ግን በጣም የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የሆነው ነው። እዚያ ጌም የሚወዱ ልጆች ራሳቸው ጌም ሠሪ ሆኑ። ይህን ያመጣው የኮምፒውተሮቹ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1982 የክላይቭ ሲንክሌር ኩባንያ ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለውን የቤት ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። ዋጋው ከ125 ፓውንድ ይጀምር ነበር። ቁልፎቹ ላስቲክ ናቸው፤ ስክሪኑ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ነው። ጌሙ የሚሸጠው በካሴት ነበር። ቴፑ ሲከፈት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሰማል፣ የቴሌቪዥኑ ዳር ዳር ላይ ባለቀለም መስመሮች ይሯሯጣሉ፣ ልጁ ደቂቃዎች ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ስህተት ከመጣ ካሴቱን አጠንጥኖ ከዜሮ ይጀምራል።

ካሴት ከሌለ ደግሞ ማሽኑ ባዶ ስክሪን ዘርግቶ ትዕዛዝ ይጠብቃል። ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እዚያው ውስጡ ነው። የሚጫን ነገር የለም፣ ፈቃድ የሚጠየቅ የለም። መጽሔቶች የጌም ኮድ ገጽ ሙሉ ያትሙ ነበር። ልጆች መስመር በመስመር ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፉ ይገለብጡታል። አንዲት ኮማ ከተዘለለች አይሠራም፤ ያቺን ኮማ ሲፈልጉ ነው ኮዱ የገባቸው።

ማቲው ስሚዝ በ1983 ማኒክ ማይነር የተባለውን የስፔክትረም ጌም ሲያወጣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። በ1984 የወጣውን የጠፈር ጌም ኢሊትን የሠሩት ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል ደግሞ የካምብሪጅ ተማሪዎች ነበሩ። ጌሙን የሠሩበት ኮምፒውተር፣ ቢቢሲ ማይክሮ፣ የነበረው ሜሞሪ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። እነሱ ግን እያንዳንዳቸው 256 ፕላኔት ያላቸው 8 ጋላክሲዎች አስገቡበት! የፕላኔቶቹ ስምና ቦታ አንድ በአንድ አልተመዘገበም፤ ማሽኑ በቀመር እያሰላ ያወጣቸዋል። ማሽኑ ጠባብ ባይሆን ይህን ብልሃት ይፈልጉት ነበር? አይመስለኝም።

የዛሬው ታብሌት በአቅሙ ከእነዚያ ማሽኖች በሺህ እጥፍ ይበልጣል፤ ግን ሲከፈት የሚያሳየው ሌሎች ሠርተው የጨረሱትን ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ኤበን አፕተን ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ልብ አለ። ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶች እንደ ቀድሞዎቹ ቤታቸው ኮድ ጽፈው አይመጡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽና ርካሽ ኮምፒውተር ከዚያ ጭንቀት የተወለደ ነው።

ለልጁ ታብሌት የገዛ ወላጅ ሌላ ዕቃ መግዛት ላያስፈልገው ይችላል። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የጀመረው ስክራች፣ ልጆች ራሳቸው ጌም የሚሠሩበት ፕሮግራም፣ በነፃ ይገኛል፤ ከቋንቋዎቹ መካከል አማርኛም አለበት። እባካችሁ ከጌሞቹ ጎን እሱንም ክፈቱላቸው።