አስተማሪ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ፣ ቡናው ሳይፈላ ሁለት ሰው ተገደለ። አንዷ ከደረጃ ተገፍትራ፣ ሌላዋ መዋኛ ገንዳ ውስጥ። ገዳይዋ የሁለቱም የልብ ጓደኛ ናት። አክስቴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «ዝም ብለህ እይ፣ አስተማሪ ነው» አሉኝ።

ይህችን ቃል መቼም ታውቋታላችሁ። ሰው ግማሽ ቀን ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሰው ልጅ ሲታረድ ይውልና «ጊዜዬን አቃጠልኩ» አይልም። «አስተማሪ ነው» ይላል። እኔም ከቅዳሜ ወዲህ ተማሪ ሆኛለሁ። ለመምህራኖቼ ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ነውር ነው።

ትምህርት ቤቱ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 አንድ የአሜሪካ ጣቢያ በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ለቴሌቪዥን ብቻ የተሠራ ፊልም ማሳየት ጀመረ። ከነማስታወቂያው 90 ደቂቃ ነበር። የዛሬዎቹ ሰፋ ያለ ጊዜ ተሰጥቷቸው፣ ጓደኛ ጓደኛውን እንደሚበላ በዝርዝር ያስረዱናል። አባቶቻችን «ከወዳጄ ጠብቀኝ፣ ከጠላቴስ እኔ እጠበቃለሁ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨርሰውት ነው የሄዱት። ችኩሎች ነበሩ። መሃል ላይ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ የሚያስገቡበት ቦታ እንኳ አልተዉም።

የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው የምትባለው ተማሪ መልኳን ላየ ሁለት ልጅ አድርሳለች። የቅርጫት ኳስ ቡድኑ አምበል ጠዋት የተላጨው ጢም እስከ ምሳ ሰዓት ያቆጠቁጣል። ከተማው ኦሃዮ ውስጥ ነው ይባላል፤ ከጀርባ ያለው ተራራና ጥድ ግን የቫንኩቨር ነው፤ ካናዳ የግብር ቅናሽ ስለምትሰጥ ስንቱ የአሜሪካ ወንጀል እዚያ ይፈጸማል። መርማሪ ፖሊሱ ሁሌም አንድ ሰው ነው። የስም ካርዱን ጥሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ይመጣል። እኛ አገር ቢሆን ሌሊት ኮሽ ሲል መብራት ይበራል፣ «ማነህ!» ይባላል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይነሳል፣ ወንጀሉም በዚያው ይቀራል። የፊልሟ ልጅ ግን ጨዋ ናት። ጎረቤት አትረብሽም። ባዶ እግሯን፣ በጨለማ፣ ባትሪው የሞተ ስልኳን ይዛ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች።

ይህ ሁሉ ትምህርት በቋንቋ ምክንያት እንዳያመልጠን ደግሞ በዩቲዩብ በአማርኛ የሚተርኩልን ወንድሞች አሉ። ተራኪያችን በስም አያምንም። «ልጅቷም ልጅቷን ስታያት ደነገጠች፤ ጓደኛዋ ግን ሌላኛዋን ልጅ ትጠረጥራት ነበር።» ማን ማንን እንደገደለ ባይገባን እንኳ ቢላዋው ሲነሳ እናውቃለን፤ ምክንያቱም ልክ በዚያች ቅጽበት «ቤተሰብ ያልሆናችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ» ይለናል። አክስቴ ፊልሙን በእንግሊዝኛ ካዩ በኋላ በአማርኛ ይሰሙታል። ክለሳ መሆኑ ነው።

የትምህርቱ ፍሬ የታየው በሙዝ ዳቦው ላይ ነው።

አክስቴ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻቸው። ከመንገዱ ማዶ የምትኖር የክፍል ጓደኛዋ ያን ቅዳሜ የሙዝ ዳቦ ጋግራ መጣች። ሞቅ ያለ ነው፤ በመስታወት መጋገሪያ፣ በኩሽና ፎጣ ተሸፍኗል። ልጅቷ ፈገግ ብላ ሰጠች፣ ፈገግ ብላ ሄደች። ስህተቷ እሱ ነው። በሩ እንደተዘጋ አክስቴ «አየኸው ሳቋን?» አሉኝ። እኔ ያየሁት በብረት የታሰረ ጥርስ ነው። «ቆይ፣ ለምን በሙዝ?» አሉ ቀጥለው። «ሙዝ ሽታ ይደብቃል።»

ዳቦው ፍሪጁ አናት ላይ ወጣ። ዋትስአፕ ላይ የእህትማማቾች ጉባኤ ተጠራ። የዳላሷ «ልጅቷ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ናት?» ብላ ጠየቀች። በመስከረም ነው የመጣችው። ጉባኤው ለአፍታ ጸጥ አለ፤ በእነዚህ ፊልሞች በመስከረም የሚመጣ ሰው ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። የዱባይዋ እሷ ባየችው ላይ መርዙ ሻይ ውስጥ እንደነበር አስታወሰች። የአዲስ አበባዋ «ጸበል ረጭታችሁ ብሉት» አለች፤ ሐሳቧ ሳይንሳዊ አይደለም ተብሎ ታለፈ።

በዚህ መሃል ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ ከሥራ ገቡ። ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲጠብቁ ያደሩ፣ ተጨማሪ ሰዓት ሠርተው ከቀትር በኋላ ቤታቸውን ያገኙ ሰው ናቸው። አክስቴ ወፍራም ቁራሽ ቆረጡላቸውና «እስቲ ቅመስ» አሉ፤ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጠው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ጋሼ ቀመሱ። ደገሙ። «ምን ይሰማሃል?» ተባሉ። «ቅቤ ያንሰዋል» አሉ። ሠለሱ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሶፋው ላይ ጭልጥ ሲሉ (ሌሊት የሠራ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?) አክስቴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መስታወቱ ጉም መልበሱን ሊያዩ አፍንጫቸው ሥር ያዙት። ጋሼ አንኮራፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲረገም የኖረው ማንኮራፋት ያን ቀን «ተመስገን» ተባለለት።

ዳቦው ነጻ ወጣ። ልጅቷ ግን አልወጣችም። ለልደቷ እነሱ ቤት አብረው ሊያድሩ ነበር፤ አክስቴ ከለከሉ። የአክስቴ ልጅ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። በዚያ ትምህርት ቤት ያሏት ጓደኞች ሁለት ናቸው። «ይቺ ልጅ ምን አድርጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ምንም። እስካሁን።» «አክስቴ፣ ፊልም እኮ ነው!» «የምን ፊልም? እውነተኛ ታሪክ ብሎ ጽፏል!»

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው። አዎ፣ አንዳንዱ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1984 ሰኔ ወር፣ ከሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ ባለችው ኦሪንዳ፣ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ በትምህርት ቤቷ ልጅ በቢላ ተወግታ ሞተች። ገዳይዋም 15 ዓመቷ ነበር። እስክትናዘዝ ስድስት ወር ያህል አለፈ፤ ትምህርት ሲከፈትም ከሌሎቹ ጋር ትምህርት ቤት ተመላለሰች። በ1994 ስም ተቀይሮ የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። ሰው ስለወደደው በ2019 እንደገና ተሠራ። የሞተችው ልጅ ስትሞት 15፣ በ1994ም 15፣ በ2019ም 15። ሌሎቹ እኩዮቿ አርጅተዋል፤ እሷን ግን በየጊዜው በአዲስ ተዋናይት ይገድሏታል፣ በየመሃሉም የሻምፑ ማስታወቂያ ያስገባሉ። ከዚህ የተማርነው ምንድን ነው? ቀብሯን በሁለት ቀለም ማየት? እናት ልጇን ቀብራ ቤቷ ከገባች በኋላ ስንት ሰው ሶፋ ላይ ፈንዲሻ እየቆረጠመ «ምስኪን» ሲል እንደዋለ ማሰብ ራሱ ያቅለሸልሻል። ጨካኝ የተባለችው ያቺ የ15 ዓመት ልጅ አንዴ ነው የገደለቻት።

ይህን ለአክስቴ በዚህ ድምፅ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ሁለተኛውን አላየሁትም» አሉ፤ «የት ነው የሚገኘው?»

ማክሰኞ ዕለት የመስታወቱ መጋገሪያ የሚመለስበት ቀን ሆነ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ አክስቴ ስለ ልጅቷ የቱንም ያህል ቢጠረጥሩ ወግ አያፈርሱም። እሑድ ማታ ተቀምጠው ዳቦ ቆሎ ጋግረው ነበር፤ ሞልተው፣ ያንኑ ፎጣ አጥበው አልብሰው፣ በልጃቸው እጅ ላኩት። ልጅቷ በሩ ላይ ፈገግ ብላ ተቀበለች።

ማታ የአክስቴ ልጅ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። ከጓደኛዋ የመጣ መልእክት ነው፦

«እናቴ መጀመሪያ አባቴን እያስቀመሰችው ነው።»