«ሰው ከፍሎ የገባው ኳስ ሊያይ ነው» ተባልኩ

ዛሬ ዓርብ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017። አሁን ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያቺን ሦስት ቲቪ ያላትን ቤት ታውቋታላችሁ። ሦስቱም ላይ እንግሊዝ ከአልባኒያ። ሦስቱም! የእህቴን ልጅ ይዤ ነው የሄድኩት። «ነገ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም፣ አንድ ቀን እንኳን የአገሩን ኳስ ይይ» ብዬ እናቱን ስንት ለምኜ። ዋልያዎቹ ከግብጽ፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ያውም «በሜዳችን»። ወደዚህች ቃል እመለስባታለሁ።

አስተናጋጁን በትሕትና ጠራሁት። «ወንድሜ፣ ያቺን የጥጓን ቲቪ ወደ ኢትዮጵያ ጨዋታ ቀይርልን።»

«የምን ጨዋታ?»

«ኢትዮጵያ ከግብጽ።»

ዝም ብሎ ሄዶ ቢነግርልኝ ምን ነበረበት? እዚያው ቆሞ ወደ ባለቤቱ ጮኸ፦ «ኢትዮጵያ ይቀየርልን እያሉ ነው!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱ ከሂሳብ ቁጭ ካለበት ቀና እንኳን ሳይል «ጌታዬ፣ ሰው ከፍሎ የገባው ኳስ ሊያይ ነው» አለኝ።

ኳስ ሊያይ ነው! የእኛው ታዲያ ምንድን ነው? ገበጣ ነው?

«አንዷን ብቻ እኮ ነው ያልኩት፣ ሁለቱ ይቆዩ» አልኩ። «ውጤቱን ከሆነ የፈለጉት እኔ ልንገርዎት፣ ሦስት ለባዶ» አለ። እንደገና ሳቅ። አልባኒያ በየት በኩል እንደሆነች ብትጠይቁት አንዱ እንኳን የማይመልስ፣ ሁሉም ያስካካል። የእህቴ ልጅ እጄን ጎተተኝ፤ «እንሂድ በቃ» አለኝ በሹክሹክታ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ለእኔ አፈረልኝ። ይኼን ነው ያልቻልኩት።

ወጥተን ደጃፉ ላይ፣ ከዘበኛው ጋር ለሦስት በእኔ ስልክ ማየት ጀመርን። ዘበኛው ጋቢያቸውን ለልጁ ደረቡለት፣ እግዜር ይስጣቸው። ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ባለፈው ከጅቡቲ ጋር ስንጫወት መብራት ሄዶብኝ በሬዲዮ ነበር የጨረስኩት። ዛሬ መብራት ሲኖር ቲቪው ተከለከልኩ። ከዚያ ሳላህ፣ ለሊቨርፑል የሚጫወተው ግብጻዊ፣ አገባ። እኛ ጋ ምስሉ ቆሞ ስለነበር ያወቅነው ከውስጥ በተሰማው ጩኸት ነው። አንዱ ስልኩ ላይ አይቶ «ሳላህ!» ብሎ ጮኾ ኖሯል፣ ቤቱ አጨበጨበ። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮጵያ ላይ ጎል ሲገባ ተጨበጨበ! ሊቨርፑልን ደግፉ፣ ማን ከለከላችሁ፣ እኔም የምደግፈው ክለብ አለኝ። ግን ዛሬ የለበሰው የግብጽን ማሊያ ነው እኮ። ዚዞ ሁለተኛውን ሲጨምር ስልኬን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

ወደ ቤት ስንመጣ ልጁ ጠየቀኝ። «አጎቴ፣ በሜዳችን ነው አላልከኝም? ለምንድነው ካዛብላንካ የሚለው?»

ምን ብዬ ልመልስለት? የአዲስ አበባ ስታዲየም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ታገደ፣ ከዚያ ባሕር ዳርም ታገደ፣ መልበሻ ክፍሉ፣ መጸዳጃው፣ ወንበሩ ደረጃውን አልጠበቀም ተባልን ልበለው? «የሜዳችን» ጨዋታ ከጋና ጋር በ2014 ጆሃንስበርግ ነበር። ግብጽን 2 ለ 0 የረታነው፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡበት ያ ጨዋታ ሊሎንግዌ ማላዊ። ያኔ መስቀል አደባባይ ድረስ ማበድ ሲገባን ጎረቤት እንኳን አልሰማም። ከኮንጎ ጋር ዳሬሰላም። ከታንዛኒያ ጋር ደግሞ ኪንሻሳ። ከሴራሊዮን ጋር ኤል ጃዲዳ። ተሳዳጅ ቡድን! አልጋ እየተከራየ «ቤቴ ነው» የሚል ቡድን!

እኛ እኮ ነን ካፍን በ1949 ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የመሠረትነው። ይድነቃቸው ተሰማ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ድርጅት ነው። በ1954 እነ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ እነ መንግሥቱ ወርቁ እነዚሁኑ ግብጾች 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫ ያነሡት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ዛሬ ግብጽን ለመግጠም ሞሮኮ ሄደን ሜዳ እንለምናለን። ቦሌ 60 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለው አደይ አበባ ስታዲየም መሠረቱ ሲጣል ይህ ልጅ አፉን በቅጡ አልፈታም ነበር። አሁን ድምፁ እየጎረነነ ነው፣ ስታዲየሙ ግን ገና አላለቀም።

እኔ ግን በአዲስ አበባ ስታዲየም አይቻለሁ። ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ ከናይጄሪያ ጋር፣ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ሲቀረን። ከሌሊት ጀምሬ ተሰልፌ፣ ቆሎ በኪሴ። በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ የማላውቀው ሽማግሌ አንገቴን አንቆ አለቀሰ። የናይጄሪያው ኤመኒኬ በመጨረሻዋ ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ሲያደርገው ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ፤ ያ ጸጥታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ተሸንፈን ነው የወጣነው። ግን የእኛ ነበር! ከእነሱ ጋር ነበርን!

እዚያ ለመድረስም ከራሳችን ጋር ተጣልተን ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ገና ስንጨፍር፣ ፊፋ በሁለት ቢጫ የታገደ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፋችኋል አለን። 3 ነጥብ ሄደ። ቢጫ ካርድ መቁጠር! ልጆቹ ሳንባቸው እስኪወጣ ይሮጣሉ፣ ወረቀት የያዘው ሰው ሁለት መቁጠር ያቅተዋል። ያኔ ካርድ፣ ዛሬ ሽንት ቤት። ተጫዋች ላይ አፌን የማልከፍተው ለዚህ ነው። አዎ፣ በዚህ ምድብ 5 ተጫውተን 3 ነጥብ፣ 1 ጎል። ያማል። ግን ሁልጊዜ እንግዳ የሆነ ሰው እንዴት ያሸንፍ? «አይዞህ» የሚለው ድምፅ የት አለና?

ልብ በሉ ደግሞ፣ ሰኞ ከጅቡቲ ጋር ነን። ጅቡቲ! በባቡር የምንገናኝ ጎረቤቶች! እሷም ሜዳ የላትም፣ እኛም የለንም፣ ሁለታችንም የሰሃራን በረሃ ተሻግረን ሞሮኮ ሄደን ልንጋጠም። ለትኬት የሚወጣው ዶላር ስንት መጸዳጃ ቤት ይሠራ ነበር? እስቲ አንድ ኃላፊ ወጥቶ ይንገረኝ።

ልጁ ሳይተኛ «የአዲስ አበባ ስታዲየም ሲከፈት ትወስደኛለህ?» አለኝ። «እወስድሃለሁ» አልኩት። ይኼን ቃል ለእሱ ስሰጥ አራተኛ ጊዜዬ ነው።

ሰኞ እዚያ ቤት አልሄድም። ካርድ ሞልቼ እቤቴ ነኝ፣ ዘበኛውንም ጠርቻቸዋለሁ። ዋልያዎቹን ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ ቡና አለ።