ክርክር፦ አንድ ተራ አስከባሪ ይበቃል?

ኢቴሪየም በተባለው የክሪፕቶ ገንዘብ ኔትወርክ ላይ ብሎክ (የግብይቶች ጥቅል) የሚወጣው በየ12 ሰከንዱ ነው። ሌየር ቱ ኔትወርኮች ግብይቱን ከዋናው ሰንሰለት ውጪ ሠርተው፣ ጠቅልለው ወደ ኢቴሪየም ይመልሱታል። ከእነዚህ መካከል አርቢትረም ላይ ብሎክ በሩብ ሰከንድ፣ ቤዝ ላይ በ2 ሰከንድ ይወጣል። የግብይቱን ተራ የሚይዘው ግን ሲኩዌንሰር የተባለው ተራ አስከባሪ ነው፤ እሱም በአብዛኛው በአንድ ድርጅት እጅ ነው። ይህ ያዋጣል ወይ? ሁለት ተከራካሪዎች ጽፈዋል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊው፦

ሰው ለምን ወደ ሌየር ቱ እንደመጣ አንርሳ። ኢቴሪየም ሲጨናነቅ 5 ዶላር ለመላክ ከ5 ዶላር በላይ ይከፈል ነበር። ማርች 2024 በዴንኩን ማሻሻያ ብሎብ የሚባል ርካሽ የመረጃ ቦታ ተከፈተ። የሌየር ቱ ክፍያም ወደ ሳንቲም ወረደ። ዛሬ ለጓደኛሽ ዩኤስዲሲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ዲጂታል ገንዘብ) ስትልኪ፣ ላክ የሚለውን ነክተሽ ቀና ሳትዪ የእሷ ስልክ ይጮኻል።

ይህ ፍጥነት የመጣው አንድ ተራ አስከባሪ ስላለ ነው። መቶ ሰው ተሰብስቦ ማን ቀድሞ ይግባ እያለ ቢመካከር ታክሲው መቼ ይነሳል? ደግሞ ተራ አስከባሪው ገንዘብሽን አይነካም። ያለ ፊርማሽ ከአድራሻሽ አንድ ሳንቲም አያወጣም።

ተቃዋሚዋ፦

ወንድሜ፣ ተራ አስከባሪው የታመመ ቀንስ? ዲሴምበር 15፣ 2023 የአርቢትረም ሲኩዌንሰር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመ። ኦገስት 2025 ደግሞ ቤዝ ከግማሽ ሰዓት በላይ ብሎክ አላወጣም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ንብረቱን አስይዞ የተበደረን ሰው አስበው። የማስያዣው ዋጋ እየወረደ ነው። ማስያዣ ልጨምር ብሎ ቁልፉን ይነካል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ኔትወርኩ ሲመለስ ዋጋው የት ወርዶ እንደሚጠብቀው አያውቅም።

ይህ እንኳ ብልሽት ነው። ሆን ብሎ ማቆምም አለ። ጁን 2024 ቬሎኮር የተባለው መገበያያ ሲዘረፍ፣ ሊኒያ የተባለው ሌየር ቱ ቡድን ብሎክ ማውጣቱን አቆመ፤ የሌባውን አድራሻም አገደ። የተዘረፉትን ለማዳን ስለነበር ሐሳባቸው ክፉ ነው አልልም። ግን ዛሬ ሌባ የታገደበት ቁልፍ ነገ ማን ላይ እንደሚዞር ማን ይወስናል?

ስልኩ የጮኸውም ሲኩዌንሰሩ ቃል ስለገባ ብቻ ነው። ኢቴሪየም ላይ ተጽፎ እስኪጸና ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ገንዘቡን ወደ ኢቴሪየም ልመልስ ስትል ደግሞ ኦፕቲሚስቲክ ሮልአፖች (እንደ አርቢትረምና ቤዝ ያሉ፣ ሒሳቡ ካልተሞገተ ትክክል ነው ብለው የሚቀበሉ ሌየር ቱዎች) ላይ 7 ቀን ገደማ ትጠብቃለህ። የፈጠነው መግቢያው ነው፤ መውጫው አይደለም።

ደጋፊው፦

እህቴ፣ የሊኒያው ጉዳይ እኔንም ያሳስበኛል። ቢሆንም በሩ አልተቆለፈም። አርቢትረም ላይ ሲኩዌንሰሩ ቢያግድሽ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ግብይትሽን በኢቴሪየም በኩል በግድ ማስገባት ትችያለሽ። ወደ ኢቴሪየም የተመለሰን የተሳሳተ ሒሳብ መሞገትም ድሮ ለተመረጡ ብቻ ነበር፤ ቦልድ የተባለው አሠራር በፌብሩዋሪ 2025 ከመጣ ወዲህ ግን ማንም ይችላል። 7ቱ ቀን ለዚያ ሙግት የተተወ ጊዜ ነው። ዚኬ ሮልአፖች የሚባሉት ሌየር ቱዎች ላይማ በሒሳብ ማረጋገጫ ስለሚሠራ ያን ያህል መጠበቅም የለም።

ተቃዋሚዋ፦

በኢቴሪየም በኩል በግድ ማስገባት ያልከው እውነት ነው። ግን ስንት ዎሌት (ገንዘቡን የምናንቀሳቅስበት መተግበሪያ) ላይ ነው ለዚያ የሚሆን ቁልፍ ያለው? እኔ ነኝ ያለ ፕሮግራመር ያደርገው ይሆናል። እናቱ ጋ ብር የሚልክ ልጅ አያደርገውም።

ያለ ፊርማሽ አይወጣም ላልከውም መልስ አለኝ። አርቢትረም 12 አባላት ያሉት የደህንነት ምክር ቤት አለው። ለአስቸኳይ ጉዳይ 9ኙ ከፈረሙ ገንዘቡን የያዘውን ኮድ ወዲያውኑ መለወጥ ይችላሉ። ታዲያ የእኔ ፊርማ የት ገባ?

ፍጥነቱን አልጠላሁትም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። አዲስ ነገር ሲያስተዋውቁ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነ በትልቁ ይጽፋሉ። ኮዱ ሲለወጥ ገንዘባችንን ይዘን ለመውጣት ስንት ቀን እንዳለንም እዚያው ጎን፣ በዚያው የፊደል መጠን ይጻፉልን።