በ6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ በር ላይ ቆመን ነበር

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው። ዛሬ ሚያዝያ 15 ነው፤ ክበባችን ሁለት ወር ሙሉ የተዘጋጀበት ቀን ዛሬ ነበር። በ6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ግን እኛ የነበርነው ልጆቹ በሚጠብቁን ሜዳ ላይ ሳይሆን በግቢው በር ላይ፣ አራት የእንጨት ዘንግ ታቅፈንና ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ይዘን ነበር።

ነገሩን ስደጋግምባችሁ ስለከረምኩ ታውቁታላችሁ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ነጥብ 6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ልክ በአናታችን የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ሰዓት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። አንዱ ዛሬ በ6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው፤ ሌላው ነሐሴ 14 ገደማ ነው። የነሐሴ ሰማይ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው አልነግርም፤ ተማሪውም በዚያን ጊዜ ክረምቱን ወደየቤቱ ሄዷል። ስለዚህ ያለችን በዓመት አንዲት ቀን፣ ከቀኗም ጥቂት ደቂቃ ነበረች።

አዲስ አበባ ያለች ጓደኛችን በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ በ1 ሜትር ዘንግ ጥላ ለክታ እንድትልክልን ተስማምተን ነበር። የጥንቱ የግሪክ ሊቅ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ በጥላ ለማስላት በእስክንድርያና በዛሬዋ አስዋን መካከል ያደረገውን እኛ በጎንደርና በአዲስ አበባ መካከል እናደርገዋለን፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነውን ስሌት የስምንተኛ ክፍል ልጆች በገዛ እጃቸው ይደግሙታል ብለን ነው። ዘንጎቹን ፒያሳ አካባቢ ያለ አናጺ ዘንድ ከኪሳችን አዋጥተን አሠራናቸው፤ መቆሚያቸውንም በቱንቢ እያየን አስተካከልነው፤ ዘንጉ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢያዘም 9 ሚሊ ሜትር ያህል የሐሰት ጥላ ስለሚጥል ማታ ማታ እየተፈራረቅን ስንፈትሸው ነው የሰነበትነው። «ውጭ የተገኘውን እንጨት አታቆሙም ነበር?» ለምትሉኝ መልሱ ይኸው ነው።

ዘንጎቹን ከግቢ ለማውጣት ፈቃድ የምንጠይቅበትን ደብዳቤ ያስገባነው ከሳምንት በፊት ነው። ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፈራሚው ኃላፊ ቢሮ ስገባ በዚያው በጠረጴዛቸው ላይ፣ ሌላ ወረቀት ተጭኖበት አገኘሁት።

«ጋሼ፣ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ምንድን ነው እሱ? እንጨት ለማውጣት ነው?»

«የመለኪያ ዘንግ ነው። የፀሐይን ጥላ ከተማሪዎች ጋር ልንለካ ነው።»

«ጥላ?» አሉና አጠገባቸው የተቀመጡትን ዞረው አዩ። «ልጄ፣ ጥላ ለመለካት ማኅተም ጠየቅሽኝ? ጥላማ ግቢው ውስጥ ሞልቷል፤ ከዛፉ ሥር ተቀመጡና ለኩ።»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። እኔ ግን ዛሬ ካልሆነ እንደማይሆን፣ ፀሐይዋ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ እንደምታልፍ ቆሜ አስረዳሁ።

«ፀሐይ እንደሆነች ነገም ትወጣለች፤ የት ትሄድብሻለች? ከሰዓት በኋላ ተመለሺ።»

ነገም እንደምትወጣ አውቃለሁ። ሁለቱ ከተሞች ላይ በአንድ ቀን ከተለካ ስሌቱ በሌላ ቀንም እንደሚሠራ አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ የሰጠን ግን አንዲት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ እነዚያ ልጆችም የተጠሩት ጥላቸው ሲጠፋ እንዲያዩ እንጂ ስሌት ሊሰሙ አልነበረም። ይህን ለማን ልበል?

በጥበቃው ሰው አልፈርድባቸውም። ወረቀት የሌለው ዕቃ ከበር እንዳይወጣ ታዘዋል፤ ትእዛዙን ጠበቁ። እንዲያውም ሲያዝኑልን አይቼ ይበልጥ አመመኝ። በመጨረሻ 6 ሰዓት ከ33 ላይ መታወቂያችንን አስይዘው ለቀቁን።

የሚያንገበግበኝ ይህ የዛሬ ብቻ አለመሆኑ ነው። ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ቡና አፍልተን ፈንዲሻ ስንበትን ፈቃዱ በአንድ ቀን ነበር የወጣው፤ ያልጠራናቸው ሁሉ መጥተው ፎቶ ተነሡ። ያንን ቡና እወደዋለሁ፤ የጥላው ሐሳብ ራሱ የተወለደው ሁለተኛውን ስኒ ስንጠጣ ነው። ነገር ግን ክበብ ማለት ረከቦትና ፈንዲሻ ብቻ የሚመስለው ሰው፣ እጃችን መሥራት ሲጀምር በሩን ይቆልፍብናል። የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ኦሲሎስኮፑ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ የዕቃ ማውጫውን ቅጽ፣ ሞዴል 22ን፣ የሚፈርም ሰው ጠፍቶ ሴሚስተሩ አለቀ። ደረጃው ክፍተት ላይ የሰቀልነው ፔንዱለም ትዝ ይላችኋል? የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ጎንደር ላይ በሰዓት ከ3 ዲግሪ በጥቂቱ በልጦ እንደሚዞር፣ ይህም የምድርን መዞር እንደሚያሳይ ልናይ አሸዋ የሞላ ጀሪካን በረጅም ሽቦ አንጠልጥለን ነበር። በማግሥቱ ስንመጣ ሽቦው ተቆርጦ፣ አሸዋው ደረጃው ላይ ፈስሶ አገኘነው። ማን እንደቆረጠው የነገረን የለም፤ ጥረጉ ብቻ ተባልን፤ ጠረግን።

ሜዳው ላይ የደረስነው 6 ሰዓት ከ41 ላይ ነው። ላባችንን ሳንጠርግ ዘንጉን አቆምነው፤ ጥላው 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ምሥራቅ ወጥቶ ነበር። በ13 ደቂቃ ውስጥ ያመለጠን ያን ያህል ነው። ልጆቹ ከፀሐዩ ላይ አልተነሡም። አንዲት ልጅ እጄን ይዛ ወሰደችኝና አቧራው ላይ በጣቷ ያሰመረችውን አሳየችኝ፤ ቆማ በጫማዎቿ ዙሪያ የሠራችው ክብ ነው። «እዚህ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከጫማዬ ሥር አልወጣም» አለችኝ። ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ጠየቅኳት፤ ከልጆቹ ሰዓት የያዘ አልነበረም። ሌላ ሳንነጋገር ደወል ተደወለና ወደ ክፍል ገቡ።

ስልኬን ስከፍት የአዲስ አበባዋ ጓደኛችን በ6 ሰዓት ከ30 ላይ ጽፋልኛለች፦ «6 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ፣ ወደ ደቡብ። የእናንተስ?»

አሁን መሽቷል፤ እስካሁን አልመለስኩላትም።